የጋሽ ይመር ክራንች

የጋሽ ይመርን ሞት የሰማሁት ጠዋት ለሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። የደወለልኝ የሥራ ባልደረባችን «ሰማህ ደምሴ? ጋሽ ይመር ወደ አኼራ ሄዱ» አለኝ። ምን ሆነው ስለው፣ የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው አለ። ሚስታቸው ሻይ ይዘው ሲመጡ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አገኟቸው። አልታመሙም፣ አልተንገላቱም፣ አንድ ሰው አላስቸገሩም። ስልኩን ዘጋሁና አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ አንዱን ውጭ እንዳደረግሁ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን ነው ብል እዋሻለሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። እኚህ ሰውዬ አሟሟታቸው እንኳ ያምራል እንዴ ብዬ ነው የተብከነከንኩት።

ይህን ስል ክፉ ነህ የሚለኝ ሰው ካለ አልከራከረውም። በጋሽ ይመር ያልቀናሁበትን ነገር ብፈልግ አላገኝም። በጆሯቸው ቀንቻለሁ። በጠያቂያቸው ብዛት ቀንቻለሁ። ሚስታቸው እትዬ ዘምዘም «የኔ ይመር» ብለው ሲጠሯቸው ስሰማ እንኳ ቀንቻለሁ። አንድ ሰሞን ደግሞ፣ ለሰው ለመናገር ያሳፍራል እንጂ፣ በግራ እግራቸው ቀንቻለሁ። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ግራ እግር ነው።

የምንሠራው ኮምቦልቻ ካሉት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነበር። ሽመና ክፍል ገብቶ ለማያውቅ ሰው ጫጫታውን ብነግረው አይገባውም። እዚያ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በከንፈርና በእጅ ነው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የፈረቃችን ኃላፊ ጋሽ ይመር ጥግ ይዘው እንደቆሙ ድንገት ቀና ይሉና ወደ አንዱ ማሽን በጣታቸው ያመለክቱኛል። ሄጄ ሳይ ወይ ድሩ ተበጥሷል፣ ወይ ሊበጠስ ሳስቷል። ማሽኑ ራሱ ገና ሳይቆም እሳቸው ሰምተውታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ቀን እንኳ ቀድሜያቸው ልስማ ብዬ ጆሮዬን ስቀስር ኖርኩ። አንድም ቀን አልሰማሁም።

የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው ሳስ ያለ። ከመናገራቸው በፊት አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ክር እንደያዘ ሰው ያሻሻሉ። ማሽን ሲበላሽ «አብሽር፣ ይደርሳል» ነው። ዝናብ ሲዘገይ «አብሽር፣ ይደርሳል» ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ የተወለድኩ፤ ሰው እየተጋፋሁ ያደግሁ። መድረስን እንጂ ይደርሳል ማለትን አልተማርኩም። የእሳቸውን ቦታ እፈልገው ነበር። መፈለጌን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ አውቀውም አንድ ቀን ፊታቸውን አጥቁረውብኝ አያውቁም። ይኼም ያናድደኝ ነበር።

የተሰበርነው በአንድ ቀን፣ አንድ ቦይ ውስጥ ነው። ክረምት ነበር። ከፈረቃ ወጥተን ባጃጅ ተሳፈርን፤ እሳቸው በአንድ ዳር፣ እኔ መሐል፣ አንድ የማናውቀው ሰው በወዲያኛው ዳር። ዳገቱ ላይ ባጃጁ አቅም አጣና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ጋሽ ይመር ዘለሉ። እኔ ለመዝለል ምንም ሐሳብ አልነበረኝም፤ እሳቸው ሲዘሉ ስላየሁ ብቻ ተከትዬ ዘለልኩ። ሁለታችንም መንገድ ዳር ያለው የድንጋይ ቦይ ጠርዝ ላይ በግራ እግራችን አረፍን፤ የሁለታችንም እግር ተጠመዘዘ። ባጃጁ ጥቂት ተንሸራቶ በራሱ ጊዜ ቆመ። ሹፌሩ ምንም አልሆነም። ያልዘለለውም ሰው ምንም አልሆነም። ሰውየው ወርዶ «ምነው፣ ምን አስዘለላችሁ?» ሲለን ጋሽ ይመር እያቃሰቱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አምቡላንስ የሐረጎን ዳገት አሻቅቦ ደሴ አደረሰን። ራጅ ተነሳን። ዶክተሯ ሁለቱን ራጅ ጎን ለጎን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አየችና «መንታ ናችሁ እንዴ?» አለች። በውጭ በኩል ያለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ተሰብሯል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ አጥንትን ከአጥንት አስሮ የሚይዘው ጅማት ተበጥሷል። የሁለታችንም እንዲሁ።

«ራጅ የሚያሳየኝ አጥንቱን ነው» አለችን። «ጅማት ራጅ ላይ አይታይም። እዚህ ጋ ያለው ክፍተት ሰፋ ስላለ ነው መበጠሱን ያወቅሁት። የተሰበረውን አጥንት በብረትና በብሎን እናያይዘዋለን። ጅማቱ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚድነው፤ ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳው ደግሞ ቀስ እያለ ይጠነክራል። ከአጥንቱ ይዘገያል። ስለዚህ ራጁ አማረ ብላችሁ እግራችን ዳነ እንዳትሉ።»

ጋሽ ይመር ጣታቸውን አሻሹና ወደ እኔ ዞሩ። «የተቀጠለ ድር በለው። ቋጥረህ ወዲያው ማሽኑን ብትለቀው እዚያው ቋጠሮው አጠገብ ይበጠሳል። መጀመሪያ በእጅህ ቀስ አድርገህ ታስኬደዋለህ። ውጥረቱን ሲለምድ ያኔ ትለቀዋለህ።»

ዶክተሯ «ልክ ነዎት፣ ከእኔ የተሻለ አስረዱት» አለች። እኔ ይህን ማለት አቅቶኝ አይደለም፤ ድር ስቀጥል አይደል የኖርኩት። ቀደሙኝ። እግሬ እየነደደ እንኳ ያ መቅደማቸው ነበር የሚያበሳጨኝ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀና አልጋ ለአልጋ ተኛን። ከዚያ ጠያቂ መጣ። በእኛ አገር ቅሬ የሚባለው የሰፈር ማኅበር ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሰው ሲታመም ይጠይቃል፤ የጋሽ ይመር ቅሬ ደግሞ ከኮምቦልቻ ተጭኖ መጣ። የገጠር ዘመዶቻቸው ከደሴ ዙሪያ መጡ። ሽመና ክፍሉ በየፈረቃው መጣ። ወንበር ስለማይበቃ የሚቀመጡት እኔ አልጋ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ደህናው እግሬ ላይ ተደግፈው ሲያወሩ ቆዩና ሲነሡ «ውይ፣ ሰው አለ ለካ» አሉኝ። ዱዓ ሲደረግ «ያ ረቢ፣ ይመርን አፊያ አድርገው» ይባልና ሁሉም አሚን ይላል፤ ልክ ሊነሡ ሲሉ ጋሽ ይመር «ለዚህም ልጅ» ይላሉ፣ ሰዉ መለስ ብሎ ለእኔም ያደርግልኛል። በሰው አስታዋሽነት የተደረገልኝ ዱዓ ከቁጥር አይገባም ብዬ አኮርፍ ነበር። የእኔ ጠያቂ እኅቴ ነበረች። እሷም አጥሚቴን ታቀብለኝና ቀሪውን ሰዓት ከጋሽ ይመር ጋር ስትጫወት ትውላለች።

ጀሶ ታስሮልን ከሆስፒታል ስንወጣ ስድስት ሳምንት እግር መርገጥ የለም ተባልን። ጀሶው ሲወጣ በሳምንት ሁለት ቀን ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለስን ፊዚዮቴራፒ ጀመርን። አብረን ነው የምንሄደው። ሚኒባስ ውስጥ የፊት ወንበር ለእሳቸው ይለቀቃል፤ እኔ ክራንቼን ታቅፌ ከኋላ እታጨቃለሁ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲገባና ብርዱ ሲጀምር ብረቱ ያለበት ቦታ ይጠዘጥዛል። «ተሰማህ?» ይሉኛል ዞር ብለው። ተሰምቶኝም አልተሰማኝም እላለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በእግራችን አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል እንድንጽፍ አዘዘን፤ ቁርጭምጭሚቱን በሁሉም በኩል ያንቀሳቅሰዋል። እኔ ሀ ሁ ሂ ብዬ ጀመርኩ። ጋሽ ይመር በልጅነታቸው ቁርኣን ቤት በተማሩት አሊፍ፣ ባ፣ ታ ጀመሩ። እኔ ገና ቀ ጋ ስደክም እሳቸው ጨርሰው እንደገና ከአሊፍ ይነሣሉ። «የአንተ ፊደል ይበዛል፣ አንተ ቀድመህ ትድናለህ» አሉኝ። ባለሙያው ሳቀ። እኔ ፊደሌ ለምን በዛ ብዬ ተናደድኩ። እንዲህ ነበርኩ።

በመሐሉ ቤታቸው እሄዳለሁ። ልጠይቅዎ መጣሁ እላለሁ እንጂ የምሄደው ልለካ ነው። እብጠቱ መጉደሉን የምናውቀው በክር ነበር፤ እሳቸው ናቸው ያመጡት። የድር ክር ቁርጭምጭሚታችን ላይ ዙሪያውን ያጠነጥኑና ጫፉ በሚገናኝበት ቦታ ይቋጥሩታል። በየሳምንቱ አንድ ቋጠሮ። የእሳቸው ክር ከሳምንት ሳምንት እያጠረ ይሄዳል። የእኔም ያጥራል፣ ግን ሁልጊዜ ከእሳቸው በግማሽ ጣት ይረዝማል። ከእኔ በሃያ ሦስት ዓመት የሚበልጡ ሰውዬ ናቸው። ክሩን ደጋግሜ አስለካለሁ።

በስምንተኛው ሳምንት ስሄድ እትዬ ዘምዘም በር ላይ በደስታ ተቀበሉኝ። «ዛሬ እኮ ቆሞ ሰገደ» አሉኝ። እስከዚያን ቀን ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሰግዱት። ገባሁና እግራቸውን አየሁት። ቆዳው ተሸብሽቦ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ አጥንቱ ጎልቶ ይታያል። «እግርዎ አማረ እኮ» አልኩ። እትዬ ዘምዘም ከጓዳ «ማሻ አላህ በል እንጂ» አሉኝ። ሰው ነገሩን አድንቆ ማሻ አላህ ካላለ ዓይን ያርፍበታል ይባላል። «ማሻ አላህ» አልኩ። ድምፄ ግን ደረቅ ነበር፣ ለራሴም ተሰማኝ።

ከዚያ ቤት ስወጣ ክራንቼን በብብቴ አልያዝኩትም፣ በእጄ አንጠልጥዬው ሄድኩ። ሐኪም ክብደቱን በከፊል ብቻ ጣል ብሎኛል። እኔ ሙሉውን ጣልኩት። በማግስቱም እንዲሁ። ራጁ እኮ ጥሩ ነው፣ አጥንቱ ይዟል እያልኩ ለራሴ አወራለሁ። በሦስተኛው ቀን እኅቴ ቤት ደረጃ ስወርድ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈና አንድ ነገር ጧ ሲል ተሰማኝ።

ዶክተሯ አዲሱን ራጅ አየችና «አጥንትህ ደህና ነው» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች፤ «ጅማትህ ግን የያዘውን ለቋል። ለመሆኑ ማን ከኋላህ እያባረረህ ነው? ሌላ አምስት ሳምንት ጀሶ። አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ካደረግህ ይኼ እግር ዕድሜ ልክህን የሚከዳህ እግር ይሆናል። ማሽን ሥር ስምንት ሰዓት መቆም የሚባል ነገር አይኖርም።»

የምፈራው ይህንኑ ነበር። መቆም የማይችል የሽመና ሠራተኛ ወደ በር ጥበቃ ይዛወራል። ከእኔ በፊት እንዲያ የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ ፈረቃ ሲገባና ሲወጣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰው ቦርሳ ይፈትሻሉ። እኔ ሌላ ሙያ የለኝም። ወደዚያ ጫጫታ በሁለት እግሬ መመለስ አለብኝ፣ ካልሆነ አለቀልኝ።

ጋሽ ይመር ክራንቻቸውን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። አዲሱን ጀሶ አዩት። ጣታቸውን ለረዥም ጊዜ አሻሹ።

«ክራንቹን ለምን ጣልከው?»

«እርስዎ ቆመው ሰገዱ አይደል» አልኳቸው። ቀልድ ለማስመሰል ሞከርኩ።

አልሳቁም። ፊቴን አዩኝ፣ ከዚያ ጀሶውን አዩ፣ ከዚያ «አብሽር፣ ይደርሳል» ብለው ተነሡ። ስለዚያ ጉዳይ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የጋሽ ይመር እግር ቆመ። ስሄድ ትራስ ላይ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ። ክራንቹ አጠገባቸው ነው። «ምን ሆኑ?» ስል «እንጃ፣ አበጠብኝ» ይላሉ። ክር አምጡ እላለሁ። ራሳቸው ጎንበስ ብለው ያጠነጥኑና ያቀብሉኛል፤ ቋጠሮው ካለፈው ሳምንት ፈቀቅ አላለም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልጎደለም። «ይኸው፣ እንዳለ ነው» ይላሉ። ደሴ ስንሄድ ሚኒባስ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ያነክሳሉ። ባለሙያው ጋ ደግሞ ከዚያ ወዲህ በየተራ ስለምንገባ ለእሳቸው ምን እንደሚላቸው አልሰማም።

ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል ግን ደስ አለኝ። የቸኮልኩበት ነገር ሁሉ ከላዬ ወረደ። የምቀድመው ሰው ቆሟል፣ እኔስ ለምን እሮጣለሁ? የታዘዝኩትን ሁሉ እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ጀሶው ሲወጣ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ቀን በቀን ጻፍኩ። እርገጥ ሲሉኝ ብቻ ረገጥኩ፣ ያውም ያሉኝን ያህል። ጋሽ ይመር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን እሳቸው አሊፍ ይላሉ፣ እኔ ሀ እላለሁ፣ እትዬ ዘምዘም ሁለታችንንም እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሁለታችንም እኩል ነበርን። በሕይወቴ ከእሳቸው ጋር በሰላም የተቀመጥኩት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

አንድ ቀን እዚያው ቁጭ ብለን ሳለ የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ሰው መጣ። በጨዋ ደንብ ጤናቸውን ጠየቀና ወደ ጉዳዩ ገባ። ለጡረታቸው የቀራቸው አንድ ዓመት ገደማ ነው። በመጪው ሰኞ ሥራ መግባት ከቻሉ የፈረቃው ኃላፊነት ይጠብቃቸዋል፤ ካልቻሉ ግን ሰው መተካት ግድ ነው፣ ጡረታቸውም በሕመም ምክንያት ቀደም ይላል።

«እንግዲህ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት ጋሽ ይመር። እግርዎ ምን ይላል?»

ጋሽ ይመር ትራሱ ላይ ያለውን እግራቸውን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ወደ ፊቴ ሳይሆን ገና በቅጡ ወዳልረገጥኩበት እግሬ። እትዬ ዘምዘም ከጓዳው በር ላይ ሆነው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«አልቻልኩም» አሉ ጋሽ ይመር። «ሰው ተኩበት።»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሰኞ ቀን፣ ብቻዬን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስመለስ ሚኒባሱ ሰኞ ገበያ ጋ በሰው ብዛት ተይዞ ቆመ። በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ ጋሽ ይመርን አየኋቸው። በአንድ እጃቸው የጎመን እስር፣ በሌላው ዘንቢል ይዘዋል። ክራንች የለም። ከገበያው ወደ ላይ የሚያወጣውን አቀበት በጎረምሳ አረማመድ እየወጡ ነው፤ መሐል ላይ ቆመው ከአንድ ሰው ጋር ሰላም ተባባሉ፣ እንደገና ወጡ። ግራ እግራቸው ከቀኙ አይለይም። ሚኒባሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸው ትራስ ላይ ነው። ክራንቹ አጠገባቸው።

«እንዴት ነዎት?» አልኩ ሳልቀመጥ።

«እንጃ ደምሴ፣ ዛሬም አላራምድ አለኝ።»

ደሜ ፈላ። የዚያን ጊዜ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ የኛ አገር ሰው ሌላ ሐሳብ ሊመጣለት የሚችል አይመስለኝም። ሰው ያማረለትን ነገር ከምቀኛ ይደብቃል። የወለደች አራስ ልጇን ትሸፍናለች፣ የሰባ በሬ ያለው እንግዳ ሲመጣ ከበር ያርቀዋል። እኚህ ሰውዬ እግራቸውን ደብቀውብኛል። ዓይኔን ፈርተው። ማሻ አላህ በል የተባልኩት ትዝ አለኝ። የበለጠ ያቃጠለኝ ደግሞ፣ ቢፈሩኝ አልተሳሳቱም። ቀናተኛ መሆኔን ከራሴ በላይ ማን ያውቃል?

«ትናንት ሰኞ ገበያ አይቼዎታለሁ» አልኳቸው። «ጎመን ይዘው አቀበቱን ሲወጡ። የእኔ ዓይን ሰው አይበላም ጋሽ ይመር። እግርዎን ከእኔ መደበቅ አልነበረብዎትም።»

ጣታቸውን አሻሹ። ይቆጣሉ ወይ ይክዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። «ዶክተሯ ምን አለችህ?» አሉኝ።

«ምን አገናኘው?»

«ንገረኝ እስቲ። ትናንት ምን አለችህ?»

«ከሳምንት በኋላ ክራንቹን ጣል፣ ሥራ ግባ ብላኛለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ፊታቸው በራ። እግራቸውን ከትራሱ ላይ አወረዱና «ና ተቀመጥ፣ እነግርሃለሁ» አሉኝ። እኔ ግን ወሬ ሊያስቀይሱኝ ነው ብዬ ጭራሽ ባሰብኝ። አልተቀመጥኩም። በሩን ዘግቼው ወጣሁ።

ሥራ ገባሁ። እግሬ ቀጥ ብሎ ስምንት ሰዓቱን ቆመ። እሳቸው ጡረታ ወጡ። ከወራት በኋላ የፈረቃ ኃላፊነቱ ለእኔ ሆነ። በየጊዜው በሰው ሰላምታ ይልኩብኝ ነበር፤ «ደምሴን እግሩ እንዴት ነው በሉልኝ» እያሉ። እኔ ይኸው፣ እስካሁን ይመረምሩኛል እላለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣዬን ነካ አድርጌ አልፋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ቀብራቸው ላይ ኮምቦልቻ የቀረ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። በዚያም ቀናሁ። ጀናዛውን እየተቀባበልን ተሸከምን፤ በወሎ ልማድ ክርስቲያኑም እስላሙም ትከሻውን ይሰጣል። ተራዬ ሲደርስ ዳገቱ ላይ ነበርን። ግራ እግሬ ያንን ዳገት ያለ ምንም ማመንታት ወጣው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ቤታቸው ገባሁ። እትዬ ዘምዘም ሰው መሐል ተቀምጠዋል። እጃቸውን ይዤ «አላህ ያጽናዎት» አልኩ። እጄን አልለቀቁም።

«እግርህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እትዬ።»

«እስቲ እስከ በሩ ሂድና ተመለስ።»

ሰው ሁሉ እያየኝ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። እትዬ ዘምዘም እግሬን እግሬን እያዩ ቆዩና እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ይህን ሳያይ ሄደ» አሉ። «አንድ ቀን መጥቶ ቤቴ ውስጥ ሲራመድ ባየሁት ይል ነበር።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ያ ክራንች እኮ አንተ ስትመጣ ነው የሚወጣው» አሉኝ። ከበሩ ጀርባ የቆመውን በአገጫቸው አሳዩኝ። «እሱ ድኖ ነበር። አንተ ሁለተኛ የተጎዳህ ዕለት መጥቶ፣ ዘምዘም፣ ልጁ ከእኔ እየተሽቀዳደመ እግሩን ሊያጣ ነው አለኝ። እኔ ከቆምኩ ይቆማል አለኝ። የአንተን ኮቴ በር ላይ ስሰማ፣ መጣ እለዋለሁ፣ እሱ ትራሱን ይጎትታል። ያንን ክር ሲለካልህ ደግሞ ጣቱን ከሥሩ አስገብቶ ነበር የሚያጠነጥነው። በጓዳ ሆኜ ስንቴ ልስቅብህ ነበር።»

«የአስተዳደሩ ሰው የመጣ ዕለትስ?»

«ያን ዕለት አልሳቅሁም» አሉ። «እናንተ ስትወጡ ይመርን ለምን ብዬ ጮህኩበት። ልጁ እዚህ ተቀምጦ ተነሥቼ ልራመድ ወይ? አለኝ። ሥራውን ይወደው ነበር። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ እዚያች በር ላይ ወጥቶ ይቆማል። ከዚህ ማሽኖቹ አይሰሙም፤ እሱ ግን ይሰማኛል ይል ነበር።»

ቤቱ ውስጥ ቁርኣን የሚቀራ ሰው ድምፅ ነበር።

«እትዬ ዘምዘም» አልኩ፣ «እኔ ዓይኔን የፈሩ መስሎኝ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ያዘኑልኝ ይመስለኛል። «ዓይንህን ቢፈራ በሩን ይከፍትልህ ነበር?» አሉኝ።

ስወጣ ክራንቹን ውሰደው፣ ለሚሰበር ሰው ይሆናል ብለው ሰጡኝ። እንቢ ማለት አልቻልኩም። እጀታው ላይ የተጠመጠመ የድር ክር አለበት፣ ባለ ቋጠሮ። ሳልቆጥረው ያዝኩት። መንገድ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ክራንቹን አይቶ ዳር ያዘና «ና አባቴ፣ ቀስ ብለህ ግባ» አለኝ። በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት። ግራ ገብቶት ሄደ።

ከእሳቸው ቤት እስከ እኔ ቤት ረዥም መንገድ ነው፣ ግማሹ አቀበት፣ ግማሹ ኮረኮንች። በጆሯቸው፣ በጠያቂያቸው፣ በሞታቸው ቀንቻለሁ። በዚህኛው ግን ዛሬም እቀናለሁ፤ ሰው እያየው እንዳይታይ አድርጎ ለሌላ ሰው የሚያነክስ ልብ። ግራ እግሬን ሆን ብዬ ድንጋዩ ላይ ጠንከር አድርጌ እየረገጥኩ ሄድኩ። ቢያመኝ ደስ ባለኝ። እቤቴ እስክደርስ አላመመኝም።